ሞተር ሳይክሉ ሲያርፍ ባትሪው አያርፍም

ጀርመን የምትኖሩ ከሆነ የአንዳንድ ሞተር ሳይክሎችን ታርጋ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በቀኙ ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው በላይ ተጽፈው ታያላችሁ፤ ለምሳሌ 03 እና 10። ትርጉሙ ይህ ሞተር ሳይክል የሚነዳው ከማርች መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ብቻ ነው ማለት ነው። በቀሩት አራት ወራት መንዳት ቀርቶ በሕዝብ መንገድ ላይ ማቆምም ክልክል ነው። ባለቤቱም የተሽከርካሪ ግብር የሚከፍለው ለሚነዳባቸው ወራት ብቻ ነው።

ስለዚህ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ብርዱን ጋራዥ ውስጥ ያሳልፋሉ። ማርች ሲገባ ባለቤቱ ሄልሜቱን ያጠልቃል፣ ቁልፉን ያዞራል፣ ማስነሻውን ይጫናል። የሚሰማው ግን "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ሱቅ ሄዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው።

"ባትሪው አርጅቶ ነው" ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን አላረጀም። የሞተር ሳይክልን ባትሪ ቶሎ የሚገድለው ሥራ ሳይሆን ባዶውን መቀመጥ ነው። ይህን ካወቃችሁ በወር ጥቂት ደቂቃ ብቻ በመስጠት ባትሪው ለዓመታት እንዲያገለግላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

ውስጡ ምን አለ?

አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ዛሬም የሚጠቀሙት ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የፈለሰፈውን ዓይነት ባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። በየክፍሉ የእርሳስ ሰሌዳዎች ውኃ በተቀላቀለበት ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ "እርሳስ" የምንጽፍበት ሳይሆን ከባዱ ብረት ነው።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስና የአሲድ ውሁድ ይለጠፋል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ያ የተለጠፈው ይለቃል። ችግሩ የሚመጣው ባትሪው ባዶ ሆኖ ሳምንታት ሲቆይ ነው። ሽሮ የተሠራበትን ድስት አስቡት። ወዲያው ካጠባችሁት በቀላሉ ይለቃል። ሳምንት ካቆያችሁት ግን ደርቆ ይጣበቃል፤ ቢፍቁትም እሺ አይልም። በባትሪው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውም እንዲሁ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉት እንኳ የቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም።

ሞተሩ ጠፍቶ ኃይሉን ማን ይወስደዋል?

ማንኛውም ባትሪ ምንም ሳይነካው በራሱ ቀስ እያለ ይደክማል። በዚያ ላይ ሞተር ሳይክሉ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱ ይቆጥራል፣ የሌባ ማንቂያው ይጠብቃል፣ ኮምፒውተሩም ከባትሪው ጥቂት ይወስዳል።

በቁጥር እንየው። የባትሪያችሁ መጠን 10 አምፒር-ሰዓት ነው እንበል። ሰዓቱና ማንቂያው አንድ ላይ 5 ሚሊአምፒር ብቻ ቢወስዱ፣ በቀን 24 ሰዓት ለ30 ቀን ሲባዛ 3.6 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። በአንድ ወር ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ሄደ ማለት ነው። ሦስተኛው ወር ሳያልቅ ባትሪው ባዶ ይሆናል። የመኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ ከዚህ አራትና አምስት እጥፍ ስለሚበልጥ ይህን ያህል ቶሎ አይጎዳም።

ከማቆማችሁ በፊት

መጀመሪያ ለኩ። ርካሽ ማልቲሜትር ይበቃል። ሞተር ሳይክሉ ከተነዳ ወይም ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፤ ወዲያው ከለካችሁ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ያታልላችኋል። 12.7 ወይም 12.8 ቮልት ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነውና ዛሬ ነገ አትበሉ።

ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጉት። ለአነስተኛ ባትሪ ፈጣን የመኪና ቻርጀር አይስማማውም። ደንቡ የመጠኑ አንድ ዐሥረኛ ነው፤ 10 አምፒር-ሰዓት ለሆነ ባትሪ 1 አምፒር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ጋራዡ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሶኬት ካለ ባትሪ ጠባቂ ቻርጀር ሰክታችሁ መተው ትችላላችሁ። ይህ ዓይነቱ ቻርጀር ባትሪው ሲሞላ ራሱ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው የጎደለውን መተካት ብቻ ነው። ተራው የድሮ ቻርጀር ግን ሞልቶም ቢሆን መግፋቱን አያቆምም፤ ውስጡን አፍልቶ ያደርቀዋል። እሱን ሰክታችሁ አትሂዱ።

ሶኬት ከሌለ ባትሪውን ፈትታችሁ አውጡትና በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ አድርጉት። ስትፈቱ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ የመቀነስ ምልክት ያለበትን፣ ቀጥሎ ቀዩን። የሞተር ሳይክሉ ብረት በሙሉ ከጥቁሩ ጋር የተያያዘ ነው። ቀዩን አስቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው ብረቱን ከነካ ኮንታክት ይፈጠራል፤ እሳት ይረጫል፣ እጅም ያቃጥላል። ስትመልሱት ግን ቀዩ ይቀድማል፣ ጥቁሩ መጨረሻ ይሆናል።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ጋዝ በትንሽ የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ስለዚህ መኝታ ቤት ውስጥ ወይም ሲጋራና ሻማ ባለበት ቻርጅ አታድርጉ፤ አየር ይግባ፣ ልጆችም አይቅረቡ። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የውስጡን ፈሳሽ ተመልከቱ። ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውኃም አሲድም አይጨመርም። የታሸገውን ዓይነት ደግሞ በፍጹም አትክፈቱ።

"በየሳምንቱ አስነሡት" የሚለው ምክር

ይህን ምክር ከአጎትም ከጎረቤትም ትሰማላችሁ። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ ግን ባትሪውን አይጠቅምም። ሞተር ማስነሣት ብዙ ኃይል ይወስዳል። ሞተሩ ባለበት ቆሞ 10 ደቂቃ ቢሠራ ብዙ ጊዜ የወሰደውን እንኳ በሙሉ አይመልስም። በዚያ ላይ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ዘይቱ ውስጥና ጭስ ማውጫው ውስጥ እርጥበት ይከማቻል።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ጋራዡ ከቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ አደጋው ውስጥ ላሉት ሁሉ ነው። ሞተሩን ማስነሣት ካስፈለገ ደጅ አውጥታችሁ ይሁን።

ብርድ አገርና ሙቀት አገር

በአገር ቤት "ክረምት" ስንል የዝናቡን ወራት ማለታችን ነው። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ግን በረዶው ነው። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ በረዶ አይሆንም። ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሊረጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ይሰነጠቃል። የረጋ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም።

ዱባይና ሪያድ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪው በራሱ የሚደክምበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡ ወደ ኢትዮጵያ ከሄደ፣ ፀሐይ ላይ የቀረው ሞተር ሳይክል ያለ ጠባቂ የሚቆየው በዓመቱ ከባድ ወራት ነው። ከመብረር በፊት ባትሪውን ሞልቶ ማውጣትና ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ከብዙ ወጪ ያድናል።

ባትሪያችሁ ሊቲየም ከሆነ ሕጉ ይለያል። ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ብርድም ቻርጅ መደረግ የለበትም።

ደክሟል ወይስ ሞቷል?

የደከመ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ይነሣል። የሞተው ግን አይነሣም። ለመለየት ሙሉ ቻርጅ አድርጉትና ነቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከ12.4 በታች ከወረደ፣ ወይም ሞተሩን ስታስነሡ ቁጥሩ ከ9.5 በታች ከወደቀ መቀየሪያው ደርሷል። ሣጥኑ ካበጠ ግን መለካትም አያስፈልግም፤ ይቀየር።

አዲሱን ስትገዙ ቮልቱ ብቻ አይበቃም። ቁመቱ፣ ስፋቱ፣ የአምፒር-ሰዓት መጠኑና ቀዩ ጫፍ በየት በኩል እንደሆነ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። ጫፎቹ ተለዋውጠው ከታሰሩ የሞተር ሳይክሉ ኤሌክትሮኒክስ ሊቃጠል ይችላል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ የገመዶቹን ጫፍ በሶዳና በውኃ አጽዱ፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ። አሲድ ቆዳን ከነካ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠባል። ዓይን ውስጥ ከገባ እያጠባችሁ ሐኪም ጥሩ።

አሮጌውን ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት። እርሳሱ አፈርና ውኃ ይመርዛል፤ ቀልጦ ግን እንደገና ባትሪ ይሆናል። ጀርመን ውስጥ አሮጌውን ሳይመልስ አዲስ የሚገዛ ሰው 7.50 ዩሮ መያዣ ይከፍላል፤ አሮጌውን ሲያመጣ ገንዘቡ ይመለስለታል። በአሜሪካም ብዙ ሱቆች ተመሳሳይ መያዣ ያስከፍላሉ።

ይህን ሥራ ከወላጆቻችሁ ጋር ብትሠሩት አማርኛችሁም ይጠቀማል። የጋራዥ አማርኛ ከጣሊያንኛ የመጡ ብዙ ቃላት አሉት። ብሎን የምንፈታበት ካቻቢቴ፣ ራሱ ብሎኑ፣ ጎማውና ፍሬኑ ሁሉ ከዚያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ባትሪው ጉልበት የሚሰጠው፣ ሞተሩን የሚያስነሣውም ዕቃ "ሞተሪኖ" ይባላል። "ጠቅ ጠቅ" የሚለው ድምፅ ሲሰማ አዲስ አበባ ያለ መካኒክ አስቀድሞ የሚጠይቀው "ባትሪው ነው ሞተሪኖው?" ብሎ ነው። ማልቲሜትሩ በእጃችሁ ካለ መልሱን እናንተው ትነግሩታላችሁ።

አሁን የስልካችሁን ካሌንደር ክፈቱና ሞተር ሳይክሉ በሚቆምባቸው ወራት በእያንዳንዱ የመጀመሪያ እሑድ ላይ "ባትሪ" ብላችሁ ጻፉ። መለካት ሁለት ደቂቃ ነው። ቁጥሩ 12.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የዚያን ቀን ቻርጅ አድርጉት።