በግል የተሠራ ቀላል አይሮፕላን የቤንዚን ሰልባትዮ ሲለወጥ

በአሜሪካ አገር ሰው በቤቱ ጋራዥ ውስጥ አይሮፕላን ሠርቶ ማብረር በሕግ የተፈቀደለት ነው። ይኸውም ከሥራው የሚበልጠው ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በተነሡ ሰዎች እጅ የተሠራ መሆኑ ከተረጋገጠ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ፖል ፖበረዝኒ በሚልዋኪ ከተማ የመሠረተው ማኅበር እነዚህን ሠሪዎች አሰባስቧቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለውን አይሮፕላን ባለቤቱ ራሱ ሊጠግነውና ሊለውጠው ይችላል። መብቱ ሰፊ ነው፤ ኀላፊነቱም እንደዚያው። ይህን ለማስረዳት ተራ የሚመስል አንድ ሥራ፥ ማለት የቤንዚን ሰልባትዮ መለወጥን፥ እንመልከት።

ሰልባትዮ ስለ ምን ይለወጣል? ከእነዚህ አይሮፕላኖች የብዙዎቹ ሰልባትዮ ከፋይበርግላስ፥ ማለት በሙጫ ከተያያዘ የመስተዋት ክር፥ የተሠራ ነው። ፋይበርግላስ ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ለተፈለገውም ቅርጽ ይመቻል። ነገር ግን ጠላት አለው፤ እርሱም ከመኪና ቤንዚን ጋር የሚደባለቀው ኤታኖል ነው። በአገራችንም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በ2008 በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል አንዳንዶቹን የቆዩ ሙጫዎች ያለሰልሳል፤ የሟሟውም ሙጫ በቱቦው ሄዶ በካርቡራቶሩ ውስጥ ይጣበቃል። ሁለተኛም ውሃ ይስባል። ውሃው ሲበዛ ኤታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ከሰልባትዮው ታች ይተኛል፤ ሞተሩ የሚጠባውም ከታች ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ላይ ዝልግልግ ነገር የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም የሰልባትዮው ገጽ ማላብ የጀመረ እንደ ሆነ፥ የመለወጫው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ውስጡን በማሸጊያ ቀለም መቀባት ርካሽ መድኀኒት ይመስላል፤ ግን ቀለሙ በኋላ ተልጦ ማጣሪያውን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰዎች አሉሚኒየም የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

አሮጌው ሲወርድ ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። ባዶ የሆነ ሰልባትዮ ከሞላው ይልቅ ያስፈራል፤ የሚፈነዳው ቤንዚኑ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተኑ ነውና። ስለዚህ ሥራው በደጅ፥ ከእሳትና ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ርቆ መሠራት አለበት፤ ቤንዚን የያዘን ዕቃ እንዲሁ መበየድም ፈጽሞ አይገባም።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት የሚያፈስ መሆኑ ይመረመራል። አፎቹ ሁሉ ተዘግተው ጥቂት አየር ይነፋበታል፤ መጋጠሚያዎቹም የሳሙና አረፋ ይቀባሉ። አየሩ ግን በጣም ትንሽ መሆን አለበት። በካሬ ሳንቲ ሜትር 0.07 ኪሎ ብቻ ቢሆን እንኳ፥ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነ አንድ ገጽ ላይ 84 ኪሎ ይጫናል። የጎማ መንፊያ መሣሪያ በቀጥታ ያገናኘ ሰው አዲሱን ሰልባትዮ በአንድ ደቂቃ ያበላሸዋል።

ከገባ በኋላ ደግሞ ቤንዚኑ በበቂ መጠን መፍሰሱ ይለካል። በአሜሪካ ለፋብሪካ አይሮፕላኖች የወጣው የቆየው ደንብ፥ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት የሚወርድ ሲሆን ሞተሩ ለመነሣት ከሚፈልገው 150 በመቶ፥ በፓምፕ የሚሄድ ሲሆን 125 በመቶ እንዲፈስ ያዝ ነበር። ሞተሩ ለመነሣት በሰዓት 24 ሊትር የሚፈጅ ቢሆን፥ በመጀመሪያው ዓይነት በሰዓት 36 ሊትር፥ ማለት በደቂቃ 0.6 ሊትር መውረድ አለበት። ፈተናው የሚደረገው በሰልባትዮው ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ብቻ ሲኖር፥ የአይሮፕላኑም አፍንጫ ሽቅብ እንደሚወጣ ያህል ቀና ብሎ ነው። ደልዳላ ላይ በደንብ የሚፈስ ቱቦ በዚያን ጊዜ ሊደክም ይችላልና። የአየር መተንፈሻውም ቱቦ ይታያል፤ እርሱ ከተዘጋ ቤንዚኑ በወረደ መጠን ባዶው ቦታ መልሶ ስለሚስበው ሞተሩ ይጠማል።

ቀጥሎ መለኪያው እንደ አዲስ ይሠራል። 5 ሊትር እየተጨመረ በየደረጃው ምልክት ይደረጋል፤ ወደ ሞተሩ ሊወርድ የማይችለውም ዝቃጭ መጠን ይጻፋል። ክብደቱም እንደገና ይሰላል። 60 ሊትር ቤንዚን 43 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አዲሱ ሰልባትዮ ከቀድሞው ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፥ 450 ኪሎ በሚመዝን አይሮፕላን ላይ የክብደቱ ማእከል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጭራው ይሸሻል። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ በበረራ ላይ ግን ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ለሚመስለው አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር በጥቅምት 12 ቀን 1997 በካሊፎርንያ ባሕር ዳርቻ ሎንግ-ኢዚ በሚባል በግል በተሠራ አይሮፕላን ወድቆ ሞተ። መርማሪዎቹ እንዳስረዱት፥ ከአንዱ ሰልባትዮ ወደ ሌላው ማዞሪያው እጀታ የተተከለው ከአብራሪው ግራ ትከሻ ኋላ ነበር። እጀታውም የቤንዚኑ መለኪያም ምልክት አልነበራቸውም፤ ከመነሣቱ በፊትም በቂ ቤንዚን አልተሞላም። እጀታውን ለማዞር ሲታገል አይሮፕላኑ ከቁጥጥሩ ወጣ። ዴንቨር የበረረው ሌላ ሰው በሠራው አይሮፕላን ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። አሮጌው ሰልባትዮ ሲወርድ ብረቱ ወይም ፋይበርግላሱ ብቻ አይወርድም፤ ስለ እርሱ ተለክቶ የታወቀው ቁጥር ሁሉ አብሮት ይወርዳል። አዲሱ በቦታው ታስሮ ቢያምርም፥ ፍሰቱ፥ መለኪያውና ክብደቱ ተለክተው እስኪጻፉ ድረስ ሥራው ገና ግማሽ ነው። የሚጻፈውም ለሠሪው ብቻ አይደለም፤ ነገ አይሮፕላኑን ገዝቶ፥ ሠሪውን ሳያውቅ፥ ለሚበርበት ሰው ጭምር ነው።