የማይታየውን የሚይዙ ቁሶች

ጋማ ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲያልፍም ድምፅ የለውም። መኖሩ የሚታወቀው የገባበት ቁስ ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ሄንሪ ቤክሬል ፓሪስ ውስጥ የዩራኒየም ጨው በወረቀት በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ሳህን ላይ አስቀምጦ ቆየ፤ ሳህኑ ሲታጠብ ጠቁሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የጨረር መለኪያ ታሪክ ከቁሶች ታሪክ ተለይቶ አያውቅም። የየመሣሪያውን መልክ የወሰነው ደግሞ ከቁሱ ብርታት ይልቅ ብዙ ጊዜ ድክመቱ ነው።

በማንችስተር የፊዚክስ ሊቁ የራዘርፎርድ ረዳቶች ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በዚንክ ሰልፋይድ ሰሌዳ ላይ ብልጭ የሚለውን ብርሃን በዓይናቸው ይቆጥሩ ነበር። ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1948 ነው፤ ሮበርት ሆፍስታተር ጥቂት ታሊየም የተጨመረበት ሶዲየም አዮዳይድ ጋማ ጨረርን ወደ ብዙ ብርሃን እንደሚለውጥ አሳየ። አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ክሪስታሉ ውስጥ ሲቀር ወደ 38,000 የሚጠጉ የብርሃን ቅንጣቶች ይወጣሉ። የአዮዲን አቶማዊ ቁጥር 53 መሆኑም ጨረሩን ለማስቆም ይረዳል። ችግሩ ግን ክሪስታሉ በክረምት እንደሚረጥብ የጓዳ ጨው ከአየር ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ከረጠበ ቢጫ ሆኖ ይደፈርሳል። ስለዚህ ባለ መስታወት መስኮት የአሉሚኒየም ዕቃ ውስጥ ታሽጎ ይኖራል።

ጀርማኒየም ብርሃን አያስፈልገውም። ጨረሩ ራሱ ውስጡ የኤሌክትሪክ ክፍያ ይፈጥራል፤ ለአንድ ጥንድ ክፍያ ሦስት ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይበቃል። ውጤቱ አስደናቂ ነው። የሲዚየም 137 ጋማ ጨረር 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው፤ ሶዲየም አዮዳይድ ይህን ሲለካ ወደ 45 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚሰፋ ጉብታ ያሳያል፣ ጀርማኒየም ግን ከሁለት ያነሰ። ተቀራራቢ ጨረሮችን ለይቶ ምንጫቸውን ለማወቅ እስካሁን የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የክፍል ሙቀት ብቻውን ኤሌክትሮኖቹን ስለሚያነቃ ክሪስታሉ አብዛኛውን ጊዜ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ −196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዛል። ንጽሕናውም በትሪሊዮን አቶሞች መካከል ከአንድ ባዕድ አቶም በላይ የማይታገሥ ነው።

ሲሊከን ቅዝቃዜን ያን ያህል አይጠይቅም፤ አቶማዊ ቁጥሩ 14 ብቻ በመሆኑ ግን ኃይለኛ ጋማ ጨረር ሰንጥቆት ያልፋል።

ካድሚየም ቴሉራይድ ሁለቱን ለማስታረቅ የመጣ ነው፤ ከባድ ነው፣ በክፍል ሙቀትም ይሠራል። በ2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የፈቀደው የመጀመሪያው ፎቶን ቆጣሪ ሲቲ ስካን በዚሁ ቁስ ላይ የተመሠረተ ነው። አዎንታዊ ክፍያው ቀርፋፋና በቀላሉ የሚጠመድ መሆኑ ግን አሁንም መሐንዲሶችን ያደክማል።

ብርሃን ሰጪ ክሪስታሎችም ቦታቸውን አልለቀቁም፤ በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን የሚገኘው ሲኤምኤስ የተባለው ግዙፍ የቅንጣት መለኪያ ወደ 76,000 የሚጠጉ የሊድ ተንግስቴት ክሪስታሎች ይዟል። እፍግታቸው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከስምንት ግራም ይበልጣል። የሚሰጡት ብርሃን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ፈጣን ነው፣ በዚያ ቦታ የሚፈለገውም ፍጥነት ነው።

ኒውትሮን ክፍያ ስለሌለው በእነዚህ ቁሶች ብቻ በወጉ አይያዝም። ለረጅም ጊዜ ተመራጭ የነበረው ሂሊየም 3 ነው፤ እሱም በዋናነት የሚገኘው ለኑክሌር ጦር መሣሪያ ከተመረተ ትሪቲየም መበስበስ ነው። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ አሜሪካ ድንበሮቿንና ወደቦቿን በመፈተሻ ስትሞላ ክምችቱ ተመናመነ። ዛሬ ብዙዎቹ አዳዲስ መፈተሻዎች የሚሠሩት በቦሮን 10 ወይም በሊቲየም 6 ነው።