ከቆርቆሮው ወዲያ የሚባለው

ጠጋ በሉ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ። ጎረቤታችሁ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው እንበል። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥሯል፣ አሸዋና ጠጠር መንገድ ዳር አራግፏል። እሱም ራሱ መጥቶ «ትንሽ አቧራ ይኖራል፣ ይቅርታ፤ ለግድግዳው ግን ሐሳብ አይግባችሁ» ብሏችኋል። ከልቡ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ከቆርቆሮው ወዲያ የሚባለውን እሱም አልሰማም።

እኔ ሰምቻለሁ። ሄልሜት አድርጌ እዚያ ውስጥ የምውል መሐንዲስ ነኝ። ቁፋሮ ሊጀመር ሲል ፎርማኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አፈሩ ይመስላችኋል? አይደለም። «በዚህ በኩል ያለው ጎረቤት ማነው?» ነው የሚለው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው? ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ግቢው ውስጥ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው? ተከራይ ነው? ወይስ ወረቀት የሚወድ፣ በየቢሮው የሚታወቅ ጡረተኛ?

መልሱ ምን እንደሚወስን ገምቱ እስቲ። ለግድግዳችሁ ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚቆፈር ነው።

የመጠጋቱ ሒሳብ ቀላል ነው። ወሰኑ 20 ሜትር ርዝመት ካለው፣ ወደ እናንተ አንድ ሜትር መጠጋት በእያንዳንዱ ወለል 20 ካሬ ያስገኛል። አምስት ወለል ሲሆን 100 ካሬ። አዲስ አበባ ውስጥ 100 ካሬ ምን እንደሚያወጣ ታውቁታላችሁ። ያቺ ሜትር ናት ሁሉን ነገር የምታመጣው።

ቤዝመንት ሲጨመርበት ደግሞ ይከርራል። የድሮ ቪላ መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ ጎረቤት ሦስትና አራት ሜትር ሲወርድ የእናንተ ግንብ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኛ በዓይናችን የምንለካበት አንድ መስመር አለ፣ እናንተም ያዙት። ከመሠረታችሁ የታችኛው ጠርዝ ተነሥታችሁ ወደ ጉድጓዱ በ45 ዲግሪ ቁልቁል መስመር አስምሩ። ቁፋሮው መስመሩን ካልነካ እፎይ በሉ። ከቆረጠው ግን እየተጫነ የሚሄደው አፈር የእናንተን ቤት የተሸከመው አፈር ነው። በአጭሩ፣ ሁለት ሜትር ከራቀ ከመሠረታችሁ በታች ሁለት ሜትር ይውረድ፣ ከዚያ አይለፍ። ይህም ለደህና አፈር ነው። ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ በዚህ መስመርም አትተማመኑ።

መስመሩን መቁረጥ ግድ ቢሆንስ? ዘዴ አለው፤ ደህና ፎርማን ሁሉ ያውቀዋል። በፈረቃ ይቆፈራል። ከግድግዳው ሥር ሜትር ወይም ሜትር ተኩል ብቻ ይከፈታል፣ በኮንክሪት ይሞላል፣ እስኪጠነክር ይጠበቃል፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው ሳይነካ ራቅ ያለው ይከፈታል። ታዲያ ለምን አይደረግም? ስካቫተር የሚከራየው በሰዓት ነዋ! ሃያውን ሜትር ባንድ ሌሊት ጠርጎት ይሄዳል። ፈረቃው ሳምንታት ይፈጃል። ሳምንታቱን የሚከፍል ሰው የሚገኘው ደግሞ ከወዲህ በኩል የሚጠይቅ ሲኖር ነው።

አሁን የምነግራችሁን ግን ከመሐንዲስ አፍ ብዙም አትሰሙትም።

የቤዝመንቱ ግድግዳ አርማታ ሲሞላ በሁለቱም በኩል ጣውላ ያስፈልገዋል። ወደ እናንተ በኩል ያለው ጣውላ የት አለ? ፈልጉት፣ አታገኙትም። ጣውላው የእናንተ ግድግዳ ነው። ወጪ ይቆጥባል፣ ያቺንም ሜትር ያስገኛል። እርጥብ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቫይብሬተር ሲገባበት እንደ ፈሳሽ ወደ ጎን ይገፋል። ብሎኬት እንዲህ ያለ የጎን ግፊት ሊችል አልተሠራም። ጉዱ በዚህ አያበቃም። አዲስ ሕንፃ በራሱ ክብደት ጥቂት መስመጡ አይቀርም፤ ተጣብቆ ከተሠራ የእናንተን ግድግዳ ይዞት ይወርዳል። መሐል ላይ ክፍተት መተው፣ ቢያንስ ፎም ማስገባት ነበረበት። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን እኔ ያሰብኩት ስለዚህ ክፍተት ነው። ሕንፃ ሲወዛወዝ አጠገቡ ያለውን የሚመታው ክፍተቱ ሳይኖር ሲቀር ነው።

በድሮ ሰፈር የጭቃ ቤት ውስጥ የምትኖሩም አላችሁ። እዚያ አንድ ግድግዳ ሁለት ቤት ይይዛል፤ ቋሚውም ማገሩም ተያይዞ የተመታ ነው። «የኔን ብቻ ነው የማፈርሰው» ማለት አይሠራም፤ አንዱ ማገር በማሽን ሲጎተት ሌላው ይከተለዋል። የተያያዘው እንጨት አስቀድሞ በመጋዝ ይቆረጥ፣ የጋራው ጎን በእጅ ይፍረስ በሏቸው። ሲፈርስ የተገለጠው ግድግዳችሁ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ በቆርቆሮ ይሸፈን፤ የውስጥ ምርግ ለዝናብ አልተሠራም።

ወደ ዋናው ሚስጥር ልምጣ። ስንጥቅ ታየ እንበል፤ ሄዳችሁ ነገራችሁ። ከወዲያ በኩል የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ ምን እንደሆነ አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ «ይሄ እኮ ድሮም ነበረ።» ሁሌም እሱ ነው። እናንተም እንዳልነበረ የምታሳዩበት ነገር ከሌላችሁ ጨዋታው አለቀ።

ስለዚህ ስካቫተሩ ከመምጣቱ በፊት ስልካችሁን አውጡ። እያንዳንዱን ክፍል፣ የኮርኒሱን ጥግ፣ የመስኮቱን ማዕዘን፣ ወለሉን፣ አጥሩን አንሡ። ድሮ የነበረ ስንጥቅ ካለም አትደብቁት፤ አጠገቡ ማስመሪያ ይዛችሁ አንሡት፣ ተአማኒ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። በር ሲከፈትና ሲዘጋ በቪዲዮ ቅረጹ። ሁሉንም ለወንድማችሁም ለእህታችሁም በቴሌግራም ላኩ፤ ቀኑ እዚያው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእነሱን መሐንዲስ ቡና ጠርታችሁ አብሯችሁ እንዲያይና እንዲፈርም ማድረግ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰው እሺ ይላል። ከተጀመረ በኋላ ያው መሐንዲስ ስልክ አያነሣም።

ስንጥቅ ከመጣ ደግሞ አንብቡት። ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ነገር ብዙውን ጊዜ የልስን ጣጣ ነው። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚነሣ፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ይዞ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ከሆነ ግን መሠረት ሳይነካ አልቀረም። ትናንት ደህና ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ እምቢ ካለም እንዲሁ። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት። ጅብሰም አቡክታችሁ ስንጥቁ ላይ አሻግራችሁ ለጥፉ። ጅብሰም አይለጠጥም፤ ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው።

ይህን ጊዜ ነው ለሳኙ የሚመጣው። ባልዲ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ኢንጂነሩ ነው የላከኝ፣ ላድስላችሁ» ይላል። ደስ ይላል፣ አይደል? ሻይ ስጡትና በሰላም ሸኙት። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ሲለሰን አይድንም፤ የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ጥገና የሚደረገው ሕንፃው አልቆ፣ ጅብሰሙ ሳይሰበር ወራት ከቆየ በኋላ ነው።

«ኢንሹራንስ አለን» የምትል ነገርም አለች። እውነት ነው፣ ይኖራቸዋል። ግን ኮንትራክተሮች የሚገቡት በዓለም ላይ የተለመደው ውል በንዝረት ወይም የአፈር ድጋፍ በመነሣቱ ጎረቤት ላይ የሚደርስ ጉዳትን ከሽፋን ውጭ ያደርገዋል። ልብ በሉ፣ ቁፋሮ የሚያደርሰው ጉዳት ዋነኛው እሱ ነው! እንዲሸፈን በተጨማሪ አንቀጽ መግባት አለበት፤ አንቀጹ ደግሞ የጎረቤቱ ቤት ከሥራው በፊት ደህና እንደነበር ይጠይቃል። ያነሣችሁት ፎቶ እነሱንም ይጠቅማቸዋል ማለት ነው። ለጎረቤታችሁ ይህን ንገሩት። ገንዘቡን የምታድኑለት እናንተ ናችሁ፤ ሲገባው ፊቱ ይለወጣል።

የግንባታ ፈቃድ ቢሮውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በቃል የተነገረ አቤቱታ በሩ ላይ ይቀራል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ ሰይሞ ነበር፤ ዛሬ ያንን ሥራ ለሚሠራው ኃላፊ ደብዳቤ ይጻፍ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያግኝ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ይመታላችሁ። ደብዳቤው ውስጥ ስለ ጉርብትናችሁ ታሪክ አትጻፉ። «በፈቃዱ ላይ ቤዝመንት አለ ወይ? ስንት ሜትር? የጋራው ወሰን በምን ዓይነት ድጋፍ ይቆፈራል?» ብቻ በሉ። ቁጥር ያለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

በሽማግሌ መጨረስን እኔም እመርጣለሁ፤ ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። የቁፋሮው ዘዴ፣ ጥገናው መቼና በማን እንደሚሆን፣ ቤት መልቀቅ ካስፈለገ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ይግባበት። ካልሆነ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል፤ ከጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅና ንዝረትም በስም ተጠቅሷል። ቁጥር 1149 ሁከት ይወገድልኝ የምትሉበት ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካላቀረባችሁት ይታገዳል። «ሕንፃው ይለቅና እንነጋገራለን» በሚለው ለስላሳ ቃል ብዙ ሰው ያሳለፈው ይህንን ሁለት ዓመት ነው። ሥራውን ለጊዜው ለማስቆም ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 እግድ ይጠየቃል።

ደብዳቤውን መቼ ማስገባት እንዳለባችሁስ? ስካቫተር ሎቤድ ላይ ተጭኖ የሚመጣው አርብ ማታ ነው። ቅዳሜና እሑድ ተቆጣጣሪ የለም፣ ማኅተም የሚመታ የለም፣ ሰኞ ጠዋት ስትነቁ ጉድጓዱ አልቋል። በዓል ከተከተለማ የባሰ ነው። ስለዚህ ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት አስገቡት።