ከሰቆጣ እስከ መርካቶ፦ የመንገድ መጨናነቅና የነጋዴው ሒሳብ

ንግድ ከመንገድ ጋር የተቆራኘ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ማናቸውም ዕቃ በተገኘበት ስፍራ ሳለ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ዋጋ የሚያወጣው ፈላጊው ካለበት ገበያ ሲደርስ ነው። ለዚህም የሰቆጣ ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆናል። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከአንዱ ሲራራ ነጋዴ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍባት ገበያ ሆና ለብዙ ዘመን ኖራለች። አሞሌው ከጨው ሜዳው በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ ይል ነበር። ገዢውም ለምን እንደ ተወደደበት ያውቃል፤ የተጓዘው ርቀት፣ በየኬላው የተከፈለው ቀረጥና የአጋሰሱ ድካም ተደምሮበታልና።

በዛሬው ጊዜ ግን ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣና ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ በሚሄድ ጭነት ላይ ርቀትም ቀረጥም የማይባል፣ በደረሰኝ ያልተጻፈ ሌላ ወጪ ይጨመራል። ይኸውም በትልቅ ከተማ ጎዳና ላይ ቆሞ በመዋል የሚባክነው ሰዓት ነው። ይህ ወጪ በስሙ ስላልተጠራ ብዙ ነጋዴ በሒሳብ መዝገቡ አያሰፍረውም፤ ሆኖም የሚከፍለው ሰው አልታጣም።

የጭነቱ ጉዞ

ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዋግ ኽምራ ቆላማ ወረዳዎች፣ ከአበርገሌና ከዝቋላ ወረዳ ከተማ ከጽጽቃ አካባቢ የሚገኘው ፍየል፣ ከደጋውም የሚገኘው በግና ማር ለሩቅ ገበያ በታሰበ ጊዜ ወደ ወልድያ ወርዶ፣ በደሴና በደብረ ብርሃን አልፎ፣ በለገጣፎ በኩል ወደ ዋና ከተማይቱ ይገባል። ነጋዴው በዚህ ጉዞ የሚሠጋው የተራራውን ጠመዝማዛና የክረምቱን ናዳ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት መንገድ በዘጋ ጊዜ የደረሰበትንም ችግር አይረሳውም። ካሚዮኑ ይህን ሁሉ አልፎ ኮተቤ ሲደርስ ግን ከዚያ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም እስከ መርካቶ የቀረው ጥቂት ኪሎ ሜትር በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከጉዞው ሁሉ አድካሚው ክፍል ሆኖ ይገኛል።

በካሚዮን ላይ ቆሞ በፀሐይ የሚጠብቅ ፍየል ክብደቱ ይቀንሳል፤ ገዢውም በዓይኑ መዝኖ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። ከቆቦ የተጫነ ቲማቲም ይላሽቃል። ማር በመዘግየት አይበላሽም፤ ነገር ግን ማሩን የጫነው ካሚዮን የሌላውን ሰው ጭነት ሳያነሣ ቀኑ ይመሻል። በመልሱም ጉዞ እንዲሁ ነው። ለሰቆጣ ባለሱቅ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና ልብስ የሚጭነው ሾፌር በመርካቶ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ሲንፏቀቅ ይውላል።

ይህ ኪሣራ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። አንድ የጭነት መኪና በከተማ ውስጥ በቀን 3 ጊዜ ይመላለስ ነበር እንበል። የሾፌሩ ደመወዝ፣ የመኪናው ዕዳና የመድን ክፍያ በ3 ጭነት ይካፈላል። መንገዱ ተጨናንቆ ምልልሱ ወደ 2 ቢወርድ፣ ያው ወጪ በ2 ጭነት ይካፈላልና በእያንዳንዱ ጭነት ላይ የሚያርፈው ድርሻ በግማሽ ይጨምራል። ሞተሩ እንደ ተነሣ ቆሞ የሚያቃጥለው ነዳጅ ገና አልተቆጠረም። ጭማሪውን ባለመኪናው በነጋዴው ላይ፣ ነጋዴውም በሚሸጠው ዕቃና በሚገዛው ፍየል ዋጋ ላይ ያወርደዋል። በመጨረሻ የሚከፍሉት የመገናኛን አደባባይ አይተው የማያውቁት የጽጽቃ ባለፍየልና የሰቆጣ ሸማች ናቸው።

ከተማይቱ እንዴት ተጨናነቀች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በመንገዷ የሚያልፈው እግረኛ፣ በቅሎና አህያ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ አገር የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ዋናው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች የነጩንና የኢትዮጵያዊውን መኖሪያ ለመለየት በነበራቸው ዕቅድ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከዚያ ቀረ። ገበያው ሲዛወር የሰዉና የጭነቱ ብዛትም ተከትሎት ሄደ። በኋላም አስመጪው፣ ጅምላ ሻጩና ቸርቻሪው ሁሉ በአንድ ሰፈር መሰብሰብን ስለ መረጡ፣ የአገሪቱ ሸቀጥ አብዛኛው በዚያ አንገት በኩል የሚያልፍ ሆነ።

ጉዳቱም በገንዘብ ብቻ አያበቃም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ የእሳት አደጋ መኪናዎች በሰፈሩ ጥበት ምክንያት ወደ ውስጥ ለመግባት መቸገራቸው ተነግሯል። በብዙ ዓመት ድካም የተከማቸ ሀብት ሲቃጠል የመንገድ መዘጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያን ቀን ታየ።

የተደረጉ ሙከራዎች

መንግሥትና የከተማው አስተዳደር ችግሩን ሳይመለከቱት አልቀሩም። ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት የቀለበት መንገድ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. የከተማ ቀላል ባቡር ሁለት መሥመሮች ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ሆኖም ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጥረት የቆሙበት ጊዜ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከባድ የጭነት መኪናዎች በቀን በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ ተወሰነ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ብዙ ጎዳናዎች እንዲሰፉ ተደረገ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጭስ ባያወጣም በጎዳና ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ያው መሆኑን አስመጪዎች ሳያስተውሉት አይቀሩም።

ጭነትን ወደ ሌሊት ማዛወር አዲስ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት 45 ዓመት ያህል በፊት ዩልዮስ ቄሣር የጭነት ሠረገላዎች በቀን ወደ ሮም እንዳይገቡ በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተነሡ የሮም ጸሐፊዎች በሌሊቱ የሠረገላ ጩኸት እንቅልፍ ማጣታቸውን ጽፈዋል። ሲንጋፖር በ1967 ዓ.ም.፣ ለንደን በየካቲት 1995 ዓ.ም. ወደ መሐል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ ጣሉ። ኒው ዮርክም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ይህንኑ ስትጀምር የሌሊቱን ክፍያ ከቀኑ በ75 በመቶ አሳነሰች። ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ መንገድን ማስፋት ብቻውን አይበቃም፤ የሰፋውን መንገድ አዲስ መኪና ይሞላዋልና። ዋናው ነገር ማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ መግባት እንዳለበት መለየት ነው።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

ነጋዴው በመጨናነቁ የሚጎዳ ብቻ ሳይሆን ከሚያጨናንቁትም አንዱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በከፊል በራሱ እጅ ይገኛል።

አንደኛ፣ ሰዓትን መምረጥ ነው። የጥንቱ የጨው ነጋዴ የቀኑን ሐሩር ሸሽቶ በሌሊትና በማለዳ ይጓዝ ነበር። ከሰሜን የሚመጣ ካሚዮንም 130 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በደብረ ብርሃን አምሽቶ ቢነሣ ጎሕ ሳይቀድ ከተማይቱ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ መኪናው በሌሊት ደርሶ ባለመጋዘኑ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት የማይከፍት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። የሌሊት ሥራ ለጫኝና አውራጅ ተጨማሪ ዋጋ፣ ለዘበኛም ደመወዝ እንደሚጠይቅ አይካድም። ነገር ግን ይህ ወጪ ቀን ሙሉ ቆሞ ከሚውለው ካሚዮን ኪራይ ጋር ሳይመዛዘን ብዙ ነው ማለት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጭነትን ማስተባበር ነው። አምስት የሰቆጣ ባለሱቆች በአምስት ቀን አምስት ግማሽ ጭነት ከሚያዙ፣ በአንድ ቀን አስበው ቢያዙ ሦስት ሙሉ ጭነት ይበቃቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ማለት ነው።

ሦስተኛውና ይልቁንም አስመጪዎችን የሚመለከተው፣ ወደ አዲስ አበባ መግባት የማያስፈልገውን ጭነት አለማስገባት ነው። ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል የሚመጣ ካሚዮን ሚሌ ላይ ሲደርስ፣ በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚወስድ መንገድ ከፊቱ ተከፍቷል። ኮምቦልቻም ደረቅ ወደብ አላት። ሆኖም ለወልድያ፣ ለላሊበላና ለሰቆጣ የታሰበ ሸቀጥ ይህን መታጠፊያ አልፎ እስከ መርካቶ ይወርድና በጅምላ ተሸጦ፣ በሌላ ካሚዮን ተጭኖ እንደገና ወደ ሰሜን ይመለሳል። ሁለት ጊዜ በከተማይቱ መጨናነቅ ውስጥ ያልፋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚከፍለው የዋግ ሸማች ነው። በኮምቦልቻ ወይም በደሴ መጋዘን ከፍተው የሰሜኑን ድርሻ እዚያው የሚያወርዱ አስመጪዎች ቢበዙ፣ ሸቀጡ ይረክሳል፤ ለመርካቶም መተንፈሻ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ጅምላ ሻጩ ገዢውን ሁሉ በአንድ ሰፈር ማግኘት ስለ ለመደ ይህን ልማድ በአንድ ቀን አይተወውም። የሰሜን ባለሱቆች ግን የሚፈልጉትን ዕቃ ዓይነትና መጠን አስቀድመው በኅብረት ካሳወቁ፣ ገዢው በእርግጥ የሚገኝበትን ስፍራ ነጋዴ አይሸሸውም።

የከተማይቱ ባለሱቅም ድርሻ አለው። በሱቁ ደጅ፣ በእግረኛው መተላለፊያና በመኪናው መንገድ ላይ የሚደረድረው ዕቃ ለራሱ ጭነት መግቢያ የሚሆነውን መንገድ ያጠባል።

መንገድን መሥራትና ሥርዓት ማስከበር የመንግሥት ሥራ ነው። የጭነትን ሰዓትና አቅጣጫ መወሰን ግን የነጋዴው ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ከአሁን በኋላ የትራንስፖርት ወጪውን ሲጽፍ በኪሎ ሜትሩ አጠገብ ሌላ ዓምድ አስምሮ በከተማ ውስጥ ቆሞ የዋለበትን ሰዓት ቢመዘግብ ይጠቀማል። በመዝገብ የሰፈረ ወጪ ይታያል፤ የታየም ወጪ ይቀነሳል። ወጪው ሲቀነስም የጽጽቃ ባለፍየል ለከብቱ የተሻለ ዋጋ፣ የሰቆጣ ሸማችም ለሳሙናው ያነሰ ዋጋ ያገኛል።