ለወለንጪቲ ጊቢ የሚስማማ የብየዳ ማሽን

ከአዳማ ተነስቶ ወደ መተሐራ በሚወስደው አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወለንጪቲ ይገባል። የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ከጅቡቲ የሚወጣውም ከባድ መኪና በመሀሏ ያልፋል፤ መኪና ባለበት ጋራዥ፣ ጋራዥ ባለበት ብየዳ አይታጣም። ለነዋሪውም ቢሆን ብየዳ የዘወትር ጉዳይ ነው። የጊቢ በር፣ የኤል ቲ ዜድ መስኮት፣ የአህያ ጋሪ፣ የሮቶ ማስቀመጫ፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ ሁሉም በብየዳ የሚቆም ነው። ዱሮ ይህን ለማሠራት ብየዳ ቤት መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በማንገቻ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማሽን በገበያው ስላለ፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም በጊቢው ጥግ የራሱን ሥራ ለመበየድ ያስባል። ሐሳቡ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግዢው ላይ ነው። ገዢው የሚከፍለው ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አይቶ ነው፤ የቤቱን መብራት፣ የከተማዋን ነፋስና ሙቀት፣ የሚበይደውን ብረት ውፍረት አላሰበም።

ከብረቱ እንነሳ። በጊቢ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ነው። ለቱቦላሬና ለአንግል 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ ለስስ ላሜራ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ይሻላል። በደፈናው ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የኤሌክትሮድ ውፍረት ከ30 እስከ 40 አምፒር ይያዝ ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ከ75 እስከ 100፣ ባለ 3.2 ደግሞ ከ95 እስከ 130 አምፒር አካባቢ ይሠራል ማለት ነው። ለበርና ለመስኮት 200 አምፒር የሚጠይቅ ነገር የለም።

ታዲያ የማሽኑ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው 300 አምፒር ከየት መጣ? ቀላል ሒሳብ ይፈታዋል። በእጅ ኤሌክትሮድ ሲበየድ በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል በሚነደው አርክ ላይ የሚኖረው ቮልቴጅ፣ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት፣ 20 ሲደመር የአምፒሩ 4 በመቶ ተብሎ ይሰላል። ለ300 አምፒር 32 ቮልት ይመጣል። ሁለቱ ሲባዙ 9,600 ዋት ነው፤ ማሽኑ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር ከመስመሩ 11 ኪሎ ዋት ያህል መምጣት አለበት። የቤት ሶኬት ግን በ220 ቮልት 16 አምፒር ቢሰጥ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ተራ የቤት ስፒና ተገጥሞለት 300 አምፒር እሰጣለሁ የሚል ማሽን ያን ጉልበት ከየትም አያመጣውም። በዚሁ ሒሳብ 80 አምፒር ከመስመሩ የሚፈልገው 2.2 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፤ ይህን ደህና የቤት መስመር ይችለዋል። ኢንቨርተር ከሚባሉት በትከሻ የሚንጠለጠሉ ማሽኖች ርካሾቹ ከመስመሩ የሚስቡት አምፒር ሒሳቡ ከሚያሳየው ከፍ ስለሚል፣ ብሬከሩ ላይ ትርፍ መተው ግን ያስፈልጋል።

በኤሌክትሮድ የሚሠሩት ማሽኖች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ትራንስፎርመርና ኢንቨርተር። የድሮው ትራንስፎርመር በብረት ቅጠሎች ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ብዙዎቹን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አገር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚሸጥም አለ። ትልቁ ጸጋው ጽናቱ ነው፤ አቧራ አይገድለውም፣ ጥቅሉ ቢቃጠል እንደገና የሚጠቀልለው ባለሙያ አይጠፋም። ችግሩ የሚሰጠው ኮረንቲ ነው። የእኛ መስመር 50 ኸርትዝ ስለሆነ ኮረንቲው በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፤ አርኩም በዚያው ልክ ለመጥፋት ይሞክራል። የለመደ በያጅ ይህን በእጁ ያሸንፈዋል፤ ጀማሪ ግን ስስ ላሜራ ላይ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀበት፣ ቀጥሎም ብረቱን እየበሳበት ይሰቃያል። ሲለኮስም የጎረቤት አምፖል ያደበዝዛል። ሽፋን የሌለው፣ የሽቦው መግቢያ የተጋለጠ ሆኖ የሚሸጠው ደግሞ ልጆች ባሉበት ጊቢ መግባት የለበትም።

ኢንቨርተሩ የመስመሩን ኮረንቲ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይለውጣል፤ ከዚያ በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ ይቆራርጠዋል። ድግግሞሹ እንዲህ ከፍ ሲል ትራንስፎርመሩ በጣም ትንሽ መሆን ይችላል፤ ማሽኑ የቀለለውም ለዚህ ነው። በመጨረሻ የሚወጣው የረጋ ዲሲ ነው። አርኩ ቶሎ ይለኮሳል፣ ሳይንቀጠቀጥ ይቆያል፤ ኤሌክትሮዱ ሲጣበቅ ኮረንቲውን ራሱ የሚቀንስም አለ። ድካሙ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ላይ ነው። ማራገቢያው ከፊት ያለውን አየር ሁሉ ስለሚስብ፣ ግራይንደር የሚረጨው የብረት ብናኝ ሰርጎ ገብቶ ቦርዱን ሾርት ያደርገዋል። ስለዚህ ግራይንደር በሚሠራበት አቅጣጫ ማሽኑን ማስቀመጥ አይገባም። ይህ ጥንቃቄ ከተደረገለት ለቤት ሥራ የእኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር ኢንቨርተሩ ነው፤ ያውም 300 የሚል ሳይሆን እውነተኛ 140 ወይም 160 አምፒር የሚሰጥ።

ነጋዴው ሚግ የሚባለውን ሊያሳይዎት ይችላል። ሚግ ሽቦውን ራሱ እየገፋ ስለሚበይድ ለመልመድ ይቀላል፤ በስስ ላሜራ ላይም የሚያምር ሥራ ያወጣል። ነገር ግን የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚጋርደው ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም እሱና አርጎን የተቀላቀሉበት። በሰከንድ 2 ሜትር ያህል የሚነፍስ ነፋስ ይህን ጋሻ ይበትነዋል። የዚህ አካባቢ ነፋስ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አዳማን ቀና ብሎ ማየት ይበቃል፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የነፋስ ኃይል ማመንጫ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 የተመረቀው አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚሁ ነፋስ ነው። ሜዳ ላይ ወይም በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሚግ የሚበይድ ሰው ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጋዝ የማይፈልግ፣ ዱቄት በውስጡ ያለ ሽቦ አለ፤ ግን ዋጋው ከኤሌክትሮድ ይወደዳል፣ እንደ ልብም አይገኝም። ጋዙ ሲያልቅ ሲሊንደር ተሸክሞ ለማስሞላት መሄድም አለ። አራት ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ በየቀኑ የመኪና ቦዲ ለሚሠራ ሰው ሚግ ተገቢ ነው። ለጊቢ አይደለም።

የእጅ ኤሌክትሮድ ነፋሱን የሚችለው ጋሻውን ራሱ ስለሚሸከም ነው። ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበሪ እ.ኤ.አ. በ1904 ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርት የተነሳበት ሐሳብ ይኸው ነበር፤ የብረቱን ዘንግ በልባስ መሸፈን። ልባሱ ሲቃጠል ጋዝ ይሰጣል፣ ቀጥሎም ቅርፊት ሆኖ የሚቀዘቅዘውን ብረት ይሸፍናል። ለጀማሪ የሚሆነው ኢ6013 የሚል ምልክት ያለው ነው፤ በቀላሉ ይለኮሳል፣ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል። ኢ7018 ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ግን እርጥበት ጠላቱ ነው፣ ፓኬቱ ተከፍቶ ከቆየ በምድጃ መድረቅ ይፈልጋል። የትኛውንም ቢገዙ ፓኬቱን በክረምት ሲሚንቶ ወለል ላይ አይተዉት፤ ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ውስጥ ይቀመጥ።

ወደ መብራቱ እንመለስ። ምሽት ሁሉም ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጥሩ ኢንቨርተር የመረጃ ሰሌዳው ላይ 220 ቮልት ሲደመር ሲቀነስ 15 በመቶ ብሎ ይጽፋል፤ ይኸውም እስከ 187 ቮልት ድረስ ይሠራል ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት በቴስተር የራስዎን ሶኬት በቀትርም በምሽትም ይለኩ። ከዚህ የባሰው ግን የኤክስቴንሽን ገመድ ነው። 25 ሜትር የሚረዝም ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ 16 አምፒር ሲያልፍበት ብቻውን 14 ቮልት ያህል ይበላል፤ ባለ 2.5 ካሬው ከ6 ቮልት በታች። ማሽኑ «ደካማ ነው» ተብሎ ወደ ሻጩ ከመመለሱ በፊት ገመዱ ይታይ። ገመዱ ተጠቅልሎ እያለ መበየድም ክልክል ነው፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ሙቀቱ ሌላው ፈተና ነው። ማሽኑ ላይ 60 በመቶ ወይም 30 በመቶ የሚል ይታያል፤ ከ10 ደቂቃ ውስጥ በዚያ አምፒር ስንቱን ደቂቃ ሳይቆም መበየድ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ደረጃውን የጠበቀ ማሽን የሚለካው በ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አየር ውስጥ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ግን በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ለክተው ይጽፋሉ። ያ ቁጥር በስምጥ ሸለቆ ቀትር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሠራም። ደግነቱ አንድ ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ አንድ ደቂቃ ገደማ ነድዶ ያልቃል፤ ቅርፊቱ እስኪመታ፣ ሌላው እስኪገባ ማሽኑ ያርፋል። የሙቀት መብራቱ ከበራ ማሽኑን ከሶኬት አይንቀሉት፤ በርቶ ይቆይ፣ ማራገቢያው ያቀዝቅዘው።

መርካቶም ሆነ አዳማ ሲገዙ የራስዎን ኤሌክትሮድና ቁራጭ ቱቦላሬ ይዘው ይሂዱ። ሻጩን «እዚሁ ይሰካልኝ» ይበሉት። በ80 አምፒር ጥቂት ኤሌክትሮዶች በተከታታይ ያንድዱ፤ ከዚያ የማሽኑን ሳይሆን የመበየጃውን ገመድ በእጅዎ ይያዙ። ከሞቀ ቀጭን ነው፤ ውስጡ መዳብ መሆኑ ቀርቶ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል። የግራውንድ መቆንጠጫውም ስስ ቆርቆሮ ከሆነ በጠንካራ ይቀየር። ቦርዱን የሚጠግን ሰው በአቅራቢያ መኖሩን መጠየቅ ከዋስትና ወረቀት ይጠቅማል።

ከማሽኑ ዋጋ ተርፎ ለሌላው መቀመጥ ያለበት ገንዘብ አለ፤ ማስክ፣ የቆዳ ጓንት፣ ግራይንደር ከነመነጽሩ። በተራ የፀሐይ መነጽር የሚበይድ ሰው ማየት የተለመደ ሆኗል። ጉዳቱ ወዲያው ስለማይሰማ ነው ሰው የሚደፍረው፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት፣ ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆጠቁጣል፣ ያነባል። የጥላ ቁጥሩ ከ10 እስከ 11 የሆነ የማስክ መስተዋት ያስፈልጋል፤ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ልጅም ከዚያ ይራቅ። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ዚንክ ነው፤ ማምሻውን ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወተት መጠጣት ሳንባ የገባውን አያወጣም፤ የዚንኩን ልባስ ፈግፍጎ፣ ነፋሱን ከጎን አድርጎ መሥራት ነው መፍትሔው። በላብ የራሰ ልብስና ጓንት ደግሞ ኮረንቲ ያስተላልፋል።

ወለንጪቲ የጤፍ አገር ናት፤ በብዙ ጊቢ የጭድ ክምር አለ። የብየዳ ብልጭታ እስከ 11 ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ ክምሩ አጠገብ ያለ ሰው ከዚያ በላይ ይራቅ፣ ባልዲ ውሃም ይኑረው። ነዳጅ ወይም ሬንጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ነው ተብሎ አይነካ። ውስጡ የቀረው ትነት በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል፤ ክዳኑ መከፈቱም አያድንም። ከመኪና የወረደ ባሌስትራ ለጋሪ ልበይድ የሚል ሰውም ይተወው። ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይሰባበራል፤ መስመሩ ያማረ ቢሆንም ጋሪው ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ይሰበራል።

የእጅዎን ልክ የሚነግርዎት ሞርሳ ነው። ሁለት ቁራጭ አንግል ብረት በቲ ቅርጽ አቁመው በአንድ ወገን ብቻ ይበይዱ። ሲቀዘቅዝ ታችኛውን ሞርሳ ውስጥ ያጥብቁና የቆመውን ወደ ብየዳው አቅጣጫ በመዶሻ ያጥፉት። ብረቱ ታጥፎ ብየዳው ከያዘ ጥሩ ነው። ከተላቀቀ የተሰበረበትን ፊት ይመልከቱ፤ ጥቁር ቅርፊት ካለበት እጅዎ ፈጥኗል ወይም አምፒሩ አንሷል፣ አንዱ ብረት ምንም ሳይነካ አንጸባራቂ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ብየዳው ከላይ ብቻ ተቀምጧል፣ አልቀለጠም። በግራይንደር ፈጭቶ፣ ስቱኮ ቀብቶ፣ ቀለም ማልበስ ይህን ስህተት ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም፤ መስመሩን ሲያሳሱትም ይበልጥ ይደክማል።

የመጀመሪያ ሥራዎ የጫማ መደርደሪያ ወይም የአበባ ማስቀመጫ ይሁን። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ ሥሩም ልጆች ይጫወታሉ። ሞርሳው ላይ የሚያጥፉት ብየዳ በተከታታይ እስኪይዝልዎት ድረስ የሮቶውን ማስቀመጫ ለከተማው በያጅ ይስጡት።