የቨርቹዋል ፕሮዳክሽን ሶፍትዌር በቀጥታ ስርጭት ግራፊክስ

ቨርቹዋል ፕሮዳክሽን በካሜራ የሚቀረጸውን ሰው በኮምፒውተር ከተሠራ ሥዕል ጋር በዚያው ቅጽበት አዋህዶ ለተመልካች የሚያደርስ አሠራር ነው። ፊልም ሠሪ የተበላሸበትን ትዕይንት ደግሞ መቅረጽ ወይም በኋላ ማረም ይችላል፤ ቀጥታ ስርጭት ይህ ዕድል የለውም። በሰከንድ 50 ፍሬም በሚያስተላልፍ ጣቢያ ኮምፒውተሩ አንዱን ሥዕል ሠርቶ ለመጨረስ ያለው ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በሶፍትዌሮቹ ላይ በየዓመቱ ከሚጨመሩት ነገሮች አብዛኞቹ ከዚህች አጭር ጊዜ ጋር የሚደረግ ትግል ውጤቶች ናቸው።

ዘርፉ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የስፔኑ ብሬንስቶርምና የእስራኤሉ ኦራድ በ1993፣ የኖርዌዩ ቪዝአርቲ በ1997 ተመሠረቱ። ያኔ ሥራው እንደ ሲሊከን ግራፊክስ ኦኒክስ ያሉ እጅግ ውድ ማሽኖችን ይጠይቅ ነበር። ቴክኒኩን ከብዙኃኑ ጋር ያስተዋወቀው ግን ስቱዲዮ ሳይሆን ሜዳ ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1998 ኢኤስፒኤን ቤንጋልስና ሬቨንስ ያደረጉትን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ሲያስተላልፍ ሣሩ ላይ ቢጫ መስመር ታየ። መስመሩ በተጫዋቾቹ እግር ሥር ያልፋል እንጂ በላያቸው ላይ አይሰመርም። ለዚህም ኮምፒውተሩ ካሜራው ወዴት እንደሚመለከት፣ እንዲሁም የትኛው ቀለም የሣሩ፣ የትኛው የማልያው እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። ዛሬም የዘርፉ ዋና ጣጣ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

የመጀመሪያው የካሜራ ትራኪንግ ይባላል። በካሜራው ማቆሚያና በሌንሱ ላይ የሚገጠሙ ሴንሰሮች ካሜራው ምን ያህል እንደዞረ፣ እንዳዘነበለና ዙም እንዳደረገ ይለካሉ። እንደ እንግሊዙ ሞሲስ ስታርትራከር ያሉት ደግሞ ጣሪያ ላይ የተለጠፉ አንጸባራቂ ምልክቶችን እያነበቡ ካሜራው ያለበትን ቦታ ያሰላሉ። ልኬቱ ከሥዕሉ በአንድ ፍሬም እንኳ ቢዘገይ፣ ካሜራው በዞረ ቁጥር የአቅራቢው ጫማ ወለሉ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ነገሩ አይጥመውም። ይህን መረጃ ለማድረስ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ከቢቢሲ የምርምር ክፍል ሥራ የመጣው ፍሪዲ የተባለ ፕሮቶኮል ነው። አንዱ መልእክት 29 ባይት ብቻ ሲሆን የካሜራውን ቦታና አቅጣጫ፣ ዙሙንና ፎከሱን ይይዛል፤ ሰዓትም ሆነ ሌንሱ ሥዕሉን እንዴት እንደሚያዛባ የሚገልጽ ዝርዝር የለውም። የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር በሆነው በኤስኤምፒቲኢ ሥር የተዘጋጀው ኦፕንትራክአይኦ ይህን ክፍተት ለመድፈን የመጣ ነው። እንደ ቪዝ አሬና ያሉ የስፖርት ሶፍትዌሮች ደግሞ ሴንሰሩን ትተው የሜዳውን መስመሮች ከሥዕሉ ላይ በማንበብ ብቻ የካሜራውን አቅጣጫ ያገኛሉ።

ሁለተኛው ጣጣ ሰውየውን ከጀርባው መለየት ነው። ከአቅራቢው ጀርባ ያለው አረንጓዴ ግድግዳ በቀለም ተለይቶ ሲወጣ ጠርዝ ላይ ያለ ፀጉር፣ የመነጽር መስታወትና ወለሉ ላይ ያረፈ ጥላ አብረው የመቆረጥ አደጋ አለባቸው። የቱርኩ ዜሮ ዴንሲቲ የሠራው ሪያሊቲ ኪየር ባዶውን ስቱዲዮ አስቀድሞ ይመዘግብና በኋላ የሚመጣውን ሥዕል ከዚያ ጋር እያነጻጸረ ጥላውን ያተርፋል። በቅርብ ዓመታት የመጣው ትልቁ ለውጥ ግን አቅራቢውን ያለ ምንም ምልክት በካሜራና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መከታተል ነው። ሶፍትዌሩ ሰውየው ስቱዲዮው ውስጥ የት እንደቆመ ስለሚያውቅ፣ በሌለ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሄድ እግሩ ከጠረጴዛው ኋላ ይደበቃል፤ ምስሉም በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ይንጸባረቃል።

የሥዕሉ ውበት በአብዛኛው የመጣው ከኮምፒውተር ጌም ነው። ለጌም የተሠራው አንሪል ኢንጂን ወደ ቴሌቪዥን ሲገባ ምን ማድረግ እንደሚችል በ2018 የአሜሪካው ዌዘር ቻነል አሳይቷል። ፍሎረንስ የተባለው ሀሪኬን በቀረበበት ሳምንት አቅራቢዋ ስቱዲዮ ውስጥ እንደቆመች ዙሪያዋን በውሃ ተከበበች፤ ውሃው መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 6፣ በመጨረሻ 9 ጫማ ከፍ አለ፤ መኪናም ተንሳፈፈ። በቁጥር ሲነገር የማያስደነግጠው 9 ጫማ ከጭንቅላቷ በላይ ሲያልፍ ትርጉሙ ገባ። በኤፕሪል 2022 የወጣው አንሪል 5 ብርሃኑን አስቀድሞ ማስላት ሳያስፈልግ በሥርጭት ላይ እያለ መለወጥ አስችሏል። ይህም ሆኖ ከጌም የመጣ ውበት ብቻውን ለስርጭት አይበቃም፤ 20 ሚሊሰከንዱን የሚያሳልፍ ማናቸውም ጌጥ አየር ላይ ከመዋሉ በፊት መነሳት አለበት።

የጀርባውን ሥዕል ራሱ በሚያሳይ የኤልኢዲ ግድግዳ የሚሠራ ስቱዲዮ አረንጓዴውን ያስቀራል፤ አቅራቢውም ከባዶ ቦታ ጋር ከመነጋገር ይድናል። ሲኤንኤን በኖቬምበር 2008 በአሜሪካ ምርጫ ምሽት ዘጋቢዋን ከቺካጎ በ35 ካሜራ ቀርጾ ኒውዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ የቆመች አስመስሎ ሲያሳይ፣ በጠያቂው ፊት ለፊት የነበረው ባዶ ወለል ነው። ኤልኢዲ ላይ ግን አቅራቢው የሚናገርበትን ነገር በዓይኑ ያያል። ችግሩ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ለአንድ ካሜራ ብቻ ትክክል መሆኑ ነው። እንደ ጎስትፍሬም ያሉ ዘዴዎች በአንድ ፍሬም ጊዜ ውስጥ ብዙ ሥዕሎችን እያፈራረቁ ለእያንዳንዱ ካሜራ የራሱን ይሰጡታል።

ከሁሉ ያነሰ የሚወራለት፣ ለዕለት ሥራ ግን ምናልባት ከሁሉ የሚጠቅመው፣ የቁጥጥሩ ክፍል ነው። ጌም ለሚሠራ ባለሙያ የተሰናዳ ስክሪን ዜና ሊገባ 2 ደቂቃ ለቀረው አዘጋጅ አይሆንም። ስለዚህ እንደ ዲስጋይዝ ፖርታ ያሉ ሶፍትዌሮች ውስብስቡን ከኋላ ደብቀው ለአዘጋጁ ስምና ቁጥር የሚሞላበት ቅጽ ብቻ ይሰጡታል። የቪዝ ኢንጂን 5 አዳፕቲቭ ግራፊክስ ደግሞ አንዱን ሥራ ለቴሌቪዥንም ለቁም የስልክ ስክሪንም ራሱ ያስተካክላል። አንሪል በ5.4 ቅጂው፣ በኤፕሪል 2024፣ ለጽሑፍና ለሰንጠረዥ እንቅስቃሴ የሚሆን ሞሽን ዲዛይን የተባለ ክፍል ጨምሯል።

በአማርኛ ለሚሠራ ጣቢያ የፊደሉ ጉዳይ ቀላል ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍና ፊደሎቹ ስለማይቀጣጠሉ እንደ ዐረብኛ የተለየ ስሌት አይፈልግም። የሚያስቸግረው ጥሩ ፎንት መርጦ መጫንና ቀጫጭኖቹ ጭረቶች በስክሪኑ ግርጌ ባለ ትንሽ ጽሑፍ እንዳይጠፉ መጠበቅ ነው። ዋጋውም እንደ ቀድሞው አይደለም። አንሪል ዓመታዊ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ድርጅት በነጻ ይሰጣል። ለመደበኛ ጽሑፍና ሰንጠረዥ የሚበቃው ካስፐርሲጂ፣ የስዊድን የሕዝብ ቴሌቪዥን ለራሱ ሠርቶ ኮዱን ለሁሉም የከፈተው፣ ምንም አያስከፍልም፤ የሚጠይቀው ጠንከር ያለ ኮምፒውተር፣ የቪዲዮ ማውጫ ካርድና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።