ፎቶው መግለጫውን ይዞ እንዲዞር

ካሜራዬን እንደገና አንስቻለሁ። ከእንግዲህ በየሳምንቱ እዚሁ ሶለንቱና አንድ ፎቶ አነሳለሁ፤ በአማርኛም መግለጫ እጽፍለታለሁ። በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ በኤድስቪከን ዳርቻ ያለውን የኤድስበርግ ቤተ መንግሥት የማነሳው በምሳ እረፍቴ ነው።

ዋናው ጥያቄ መግለጫው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ድሮ ወላጆቻችን በፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ማን እንደሆነና የት እንደተነሳ ይጽፉ ነበር። ዛሬ ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ለብቻው የተጻፈው ጽሑፍ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ የሚያድጉ ልጆችም አያታቸውን በፎቶ አይተው ማን እንደሆኑ ላያውቁ ይችላሉ።

መፍትሔው ጽሑፉን በራሱ በፎቶው ፋይል ውስጥ ማስገባት ነው። የኤግዚፍ የመግለጫ ቦታ ለረጅም ጊዜ የተሠራው ለአስኪ ፊደላት ብቻ ነበር፤ ዩቲኤፍ-8ን የፈቀደው በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ኤክስኤምፒ ግን ከመጀመሪያው ዩኒኮድን ስለሚጠቀም ፊደላችንን በትክክል ይይዛል። እኔ ጽሑፉን የማስገባው ኤግዚፍቱል በተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶውን ሲያሳንሱ መግለጫውን ያራግፉታል። ስለዚህ ለዘመድ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ዛሬ ማታ በአንድ የቤተሰብ ፎቶ ሞክሩት።